ያልደረቀችው ቆዳ

ባለፈው ሰሞን አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለው የባጃጅ ተራ ቆሜ ቤንዚን ሸተተኝ። ቤንዚን መሽተቱስ ለሲቀላ ምን ይገርማል? ማደያው በር ላይ የባጃጅ ሰልፍ ተጠማዝዞ የሚውልበት፣ ተራ ያልደረሰው ደግሞ ከየጓሮው በሃይላንድ እየገዛ የሚቀዳበት ከተማ ነው። እኔን ያቆመኝ ሽታው ብቻ አልነበረም። አንዱ ሹፌር የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቆርጦ ታንኩ አፍ ላይ ዘቅዝቆታል፤ ውስጡ ጨርቅ ጣል አድርጎ ቤንዚኑን ቀስ እያለ ያጠልላል። ጨርቁን አንዴ አነሳው፣ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው፣ አራግፎ መለሰው። "እርጥብ ነው እንዴ?" አልኩት ሳላስበው። ቀና ብሎ አየኝና "አሁን አጥቤው ነው አባባ፣ ንጹህ ነው" አለኝ፣ ኮራ እንደማለት ብሎ። "ደርቋል ወይ ነው የምልህ!" ብዬ ጮህኩበት። ተራው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ። እሱም ሳቀ፤ "በዚህ ፀሐይ ምን የማይደርቅ አለ?" አለ። እዚያው የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

የዛሬውን አውሮፕላን ማረፊያ አይታችሁ በወጣትነቴ የነበረውን እንዳትገምቱ። ያኔ ሣሩ የታጨደ ሜዳ ነበር፤ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ የነፋስ ከረጢት፣ ከብት ሲገባ የሚያባርር አንድ ዘበኛ፣ በቃ። እኔ ማጆ፣ ከጨንቻ ወዲያ ካለው ደጋ ወደ ቆላ ወርጄ፣ አማርኛው ገና አፌ ላይ ሳይላላ፣ ነዳጅ ቀጂ ሆኜ ተቀጠርኩ። አቤት ኩራቴ! በመጀመሪያ ደሞዜ ሲቀላ ከአንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ እግሩ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ገዛሁ። ነጋዴው ሱሪውን አጣጥፈው በጋዜጣ እየጠቀለሉ "አውሮፕላን ቤት ነው የምትሠራው? እንግዲያ አንድ ብር ቀንሼልሃለሁ" አሉኝ። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ጥብስ ከነዳቦው በስሙኒ ይበላ ነበር፤ ዓሣው ከሳህኑ ጭራውን አውጥቶ። አንድ ቡና ቤት ደግሞ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ሸክላዋ አንድ ቦታ ተጭራ መርፌው ይዘላል። እኛ ዘፈኑን ከነዝላዩ ነበር የምናውቀው። አሁን በቴሌፎን ሙሉውን ያሰሙኛል፣ የተሟላ አይመስለኝም።

ከሌላ ቦታ አንዳንዴ የምትመጣልን አንዲት ባለ ሁለት ወንበር የልምምድ አውሮፕላን ነበረች። ቢጫዋ ነበር የምንላት። ያኔም አሮጌ ነበረች፤ ክንፎቿ በጨርቅ የተለበጡ፣ ጨርቁ ላይ ቀለም የተቀባ፣ ሞተሯ በእጅ ፕሮፔለሩን አሽከርክረው የሚያስነሱት። ስትነሳ ታስላለች፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ትጠርግና ትሄዳለች። አስተማሪው ካፒቴን አስፋው ነበሩ። የሰሜን ሰው ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ካኪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቆጣ ሲሉ እንኳ ድምፃቸውን የማይጨምሩ። አውሮፕላኗን "እሱ" ብዬ ስጠራት "ማጆ፣ ትሰማሃለች፣ ተቀይማ እንዳትጥለን" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዚያ ዓመት ይዘውት የመጡት ተማሪ ታምራት ይባላል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጎፈሬ፣ ከኋላ ኪሱ የማበጠሪያው እጀታ ብቅ ያለ፣ ያንን የሚዘል ዘፈን ሲያፏጭ የሚውል። እናቱ አንድ እሱን ብቻ እንዳላቸው ራሱ ነግሮኛል።

የኔ ሥራ ቀላል ይመስላል። ነዳጁ በበርሜል ነው የሚመጣው። በእጅ ፓምፕ እየሳብኩ በቆርቆሮ ማፍሰሻ የቢጫዋ ታንክ ውስጥ እጨምራለሁ። ማፍሰሻው አፍ ላይ አንዲት ልስልስ ያለች ቆዳ ትዘረጋለች። ጉዷ ይህ ነው፦ ቆዳዋ ቤንዚን ታሳልፋለች፣ ውሃ ግን ታስቀራለች። ውሃው እላይዋ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ሲቀር አይቼ መጀመሪያ ቀን አፌን ነው የያዝኩት። ካፒቴን ያን ቀን እንዲህ አሉኝ፦ "ማጆ፣ ይቺን ቆዳ ቤንዚን ብቻ ነው የምታጠጣት። ውሃ እንዳታስነካት። አንዴ ውሃ የጠጣች ቆዳ ውሃን ዘመዷ ታደርገዋለች፣ ዝም ብላ ታሳልፈዋለች። ሰማይ ላይ ደግሞ ሞተር ውሃ አይጠጣም።" በሚገባ ሰምቻለሁ። አልነገሩኝም ብዬ የምሸሽበት ቀዳዳ የለኝም።

አንድ ሰሞን ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ለጉብኝት ይመጣል ተባለ። ኃላፊያችን አበደ። የሜዳውን ዳር ድንጋይ ኖራ አስቀባን፣ የነፋስ ከረጢቱን አሳጠበን፣ ዘበኛው እንኳ ጢሙን ተላጨ። የኔን የነዳጅ ጥግ መጥቶ አየና አፍንጫውን ያዘ። "ይህ ጥቁር ጨርቅ ምንድነው? ይሸታል! እንግዳው ይህን ሊያይ ነው?" አለ። ቆዳ ነው፣ አይታጠብም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰነፍ እንዳልባል ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ራሴም ንጹህ ሆና ላያት ፈልጌያለሁ። ከቀትር በኋላ ኩልፎ ወንዝ ይዣት ወረድኩ፣ በኦሞ ሳሙና አሽቼ አጠብኳት። ነጭ ሆነች! ድንጋይ ላይ ዘርግቼ ቁጭ ብዬ አየኋት፣ ደስ አለችኝ። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ዘነበ። በርሜሎቹን በጎናቸው አስተኝቼ ማኖር ሲገባኝ፣ ለዓይን እንዲያምሩ ብዬ እንደ ወታደር አቁሜ ደርድሬያቸው ነበር፤ ዝናቡ ክዳናቸው ላይ ተኝቶ አደረ።

ጠዋት ቆዳዋን ስዳስሳት ቀዝቃዛ ናት። ጨምቄ አራገፍኳት። እንግዳው ሳይመጣ ቢጫዋ አንድ ዙር በርራ እንድትመለስ ታዟል፤ ኃላፊያችን ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ቀዳሁ። ሰው ሁሉ ወዲያ ወዲህ ሲል ውሃ እላይዋ ላይ ይቅር አይቅር አላየሁም፤ ላየው ስላልፈለግሁ ነው ያላየሁት። ካፒቴን ጓንታቸውን እየሳቡ መጡና ቆመው ቆዳዋን ተመለከቱ። "ነጣች እሳ" አሉ። ቀጥለው "ማጆ፣ ደርቃለች?" አሉኝ።

"ደርቃለች፣ ካፒቴን" አልኩ።

ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ሄዱ። አመኑኝ። ታምራት ማበጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ "አደራ ማጆ፣ ስቀመጥበት እንዳይሰበር" ብሎ ሰጠኝ። ፕሮፔለሩን ያሽከረከርኩት እኔ ነኝ። አሳለችና ጉሮሮዋን ጠርጋ ሄደች፤ ከእግዜር ድልድይ ተራራ በላይ ወደ ጫሞ ዞረች። ድምጿን እየሰማሁ ነበር። ከዚያ ሳል ሰማሁ። ደግሞ ሳለች። ከዚያ ዝም አለ። ዘበኛው "ራቀች" አለኝ። እኔ እንዳልራቀች አውቄያለሁ።

በጭነት መኪና ጫሞ ዳር ስንደርስ ዓሣ አጥማጆቹ ሁለቱንም ከሸምበቆው አውጥተዋቸው ነበር። ቢጫዋ አፍንጫዋን ሐይቁ ውስጥ ደፍታ ጭራዋ ሰማይ ያያል፤ አንዱ ክንፍ ተቀዶ ጨርቁ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ካፒቴን ሐይቁ ዳር ያለችውን ሜዳ ለማግኘት ብዙ ታግለዋል፤ አጥማጆቹ ሲናገሩ ልትደርስ አንድ የድንጋይ ውርወራ ነበር የቀራት። ታምራትን በነጠላ ሸፍነውታል። ካፒቴን ከግንባራቸው ደም እየወረደ፣ አንድ እግር ጫማቸው ጠፍቶ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው "ከፍቼው ነበር... ከፍቼው ነበር እኮ" ይላሉ። እኔ ነኝ አቅፌ ያነሳኋቸው። ማበጠሪያው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሊመረምሩ ሰዎች መጡ። አውሮፕላኗ ላይ ነዳጅ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ትንሽ እጀታ አለ፤ ተዘግቶ አገኙት። ካፒቴን "ልንወድቅ መሆኑን ሳውቅ እሳት እንዳይነሳ የዘጋሁት ይመስለኛል" አሉ። "ይመስልዎታል ወይስ ያስታውሳሉ?" አሏቸው። ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል፤ ሐቀኛ ሰው ናቸውና "አላስታውስም" አሉ። ሲነሱ በደንብ አልከፈቱትም፣ ሞተሩ ነዳጅ ያጣው በእርስዎ ስህተት ነው ተባለ። ታንኩ ውስጥ ውሃ ተገኝቷል። ግን ታንኩ ሐይቅ ውስጥ አድሮ የለ? የሐይቁ ነው አሉ፣ አለፉት። ጫሞ የኔን ውሃ ደበቀልኝ። እኔንም ጠየቁኝ፦ "በቆዳ አጥልለሃል?" "አጥልያለሁ።" ቆዳዋን አስመጡ፣ ዳሰሷት። በሦስት ቀን ፀሐይ ደርቃ ግትር ብላ ነበር። "ጥሩ" ብለው ጻፉ። ያን ቀን አፌን ብከፍት እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ነበረው።

ካፒቴን ከዚያ ወዲያ አልበረሩም። ወደ አገራቸውም አልተመለሱም፤ አርባ ምንጭ ቀርተው ሴቻ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖሩ። ለታምራት እናት ለቅሶ ልድረስ ብለው ሲሄዱ አጃቢ ሆኜ አብሬ የሄድኩት እኔ ነኝ። እናቲቱ በሩን ከፍተው አዩዋቸውና "ልጄን ሰጥቼህ ነበር" ብለው መልሰው ዘጉት። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ፤ በእጄ ማበጠሪያውን ይዣለሁ። ሳልሰጣቸው ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። በመንገድ ላይ ካፒቴን "ሰው ራሱን ካላመነ ማንን ያምናል ማጆ?" አሉኝ። ምን ብዬ መለስኩ? "እግዜር ያውቃል" አልኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ይባስ ብለው፣ ሴት ልጅ ሲወልዱ፣ ለሴት የምታነሳ ሴት ናት ብላቸውም ቄሱን ለምነው፣ ክርስትና እንዳነሳላቸው የጠየቁት እኔን ነው። "የወደቅሁ ቀን ያነሳኸኝ አንተ ነህ" አሉኝ። ሰናይትን በእጄ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ አበልጅ ነን፤ በዓሉን አብረን ውለናል፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ሬሳቸውን ተሸክሜያለሁ። ከተማው አሁንም "ካፒቴን" ይላቸዋል፣ ማክበሩ ነው። በተጠሩ ቁጥር ግን ቀኝ እጃቸው ያገኘውን ነገር ይዞ ይጠመዝዛል፤ የወንበር ክንድ፣ የኩባያ ጆሮ፣ የከዘራቸውን ጫፍ። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ሰናይት እርጅና ነው ትላለች። ሐኪም ቤት ሁሉ ወስዳቸዋለች። እኔ የምን በሽታ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ። ሰው የተከለከለ ነገር አድርጎ ሲደብቀው ጎሜው በቤት፣ በከብት፣ በልጅ ላይ ይወርዳል፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ አፍ አውጥቶ መናገር። እናቴ ቤት አንድ ሰው ሲታመም "ማን ምን ደብቋል? ተናገሩ!" ትል ነበር። እኔ ከተሜ ሆንኩ ብዬ ስስቅ ኖርኩ። ጎሜው ግን እኔን ትቶ የሰው እጅ ላይ ነው የወረደው፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ። ባለፈው ሰሞን ታዲያ ከሱቁ ደረጃ ተነሳሁና ያንኑ የባጃጅ ሹፌር "ሴቻ አድርሰኝ" አልኩት። መንገድ ላይ አስቆሜ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጨሁ። የኛ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲቆም ሰው ቁጣውን ያቆማል። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ "አባባ፣ ማንን አስቀይመው ነው?" አለኝ። "ንዳ" አልኩት።

ሰናይት ጉልበቴን ስማ አስገባችኝ። ካፒቴን ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይጠመዝዛል።

"ማን ነው? ማጆ? ሣር ሣር ትላለህ ዛሬ" አሉ።

ተንበረከክሁ። "ካፒቴን፣ ያን ቀን ጠዋት ቆዳዋ ደርቃለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

"ደርቃለች አልከኝ።"

"አልደረቀችም ነበር። በዋዜማው ኩልፎ ወስጄ በኦሞ አጥቤያት ነበር። እርጥብ ነበረች። ዝናቡም በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሞተሩን ያጠፋው እኔ የቀዳሁት ውሃ ነው።"

እጃቸው ቆመ። ሲቆም አይቼው አላውቅም ነበር።

"ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት።

"እንግዲያ ከፍቼው ነበር።"

"ከፍተውት ነበር።"

"የዘጋሁትስ?"

"ሲወርዱ ነው። እሳት እንዳይነሳ። ተማሪዎችን ሁሉ እንዳስተማሩት።"

"ሰናይት!" ብለው ጮኹ፣ በዚያ ድምፅ በማይጨምር አፋቸው። "ሰናይት ነይ! ከፍቼው ነበር! አባትሽ ከፍቶት ነበር!" ቀኝ እጃቸውን ፊታቸው ድረስ አንስተው አገላብጠው ተመለከቱት፣ እንባቸው እየወረደ። እኔም አለቀስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፤ አለቀ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ሣሩን ጉልበታቸው ላይ ላኖር እጄን ዘረጋሁ።

ጉልበታቸውን ሰበሰቡ።

"የታምራት እናት በሩን ሲዘጉብኝ የት ነበርክ?" አሉኝ በቀስታ።

"ከኋላዎ።"

"ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ሞተዋል እኮ፣ ማጆ። ልጃቸውን እኔ እንደገደልኩት እያመኑ ሞቱ። አሁን ማን ሄዶ ይነግራቸዋል? አንተ?" ሣሩን ወደ ራሴ መለስኩ። "ውሃው ስህተት ነው። ስህተት እኔም አውቃለሁ፣ ማንም ይሳሳታል። ዝምታህ ግን በየቀኑ ነው። በየቀኑ ጠዋት ተነስተህ፣ ቤቴ መጥተህ፣ እንጀራዬን በልተህ፣ ይህን እጅ እያየህ ዝም ብለሃል።" ከዚያ ሰናይትን ፈለጉ፤ እጇን ሲያገኙ ያዙት። "ክርስትና ልጅህ ናት፣ ውጭ አግኛት፣ አልከለክልም። እዚህ ቤት ግን አትምጣብኝ።"

ሣሩን የበሩ ደፍ ላይ አኑሬ ወጣሁ። ሰናይት በሩ ድረስ አልሸኘችኝም።

ወር ካለፈ በኋላ ሲቀላ ገበያ፣ ሙዝ ተራ አገኘኋት። አልሸሸችኝም፣ ግን ጉልበቴንም አልሳመችም። "እንዴት ናቸው?" አልኳት ዓይኗን ሳላይ።

"ይተኛል" አለችኝ። "እንደ ልጅ ነው የሚተኛው። ፀሐይ ወጥታ እኔ ነኝ የምቀሰቅሰው። እጁም አርፏል፤ ኩባያውን ይዞ ሳይደፋ ይጠጣል።"

ያን እንቅልፍ ጫሞ ዳር፣ ሣሩ ላይ አቅፌ ሳነሳቸው፣ በአንዲት ቃል ልሰጣቸው እችል ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤባቸው ዞርኩ።

ሙዟን ከፍላ ልትሄድ ስትል ዞር አለች። "ሣሩን ግን አላስጠርግ አለኝ" አለችኝ። "በእግሩ እየፈለገ ይሻገረዋል እንጂ ንክች እንዳታደርጊ ብሎኛል። እንዳኖርከው ደፉ ላይ ነው።"

ደርቋል ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩትና "በይ ሰላም በይልኝ" አልኳት፤ ወዲያው እንደማይሆን ትዝ ሲለኝ "ተዪው" አልኩ።